የጋሼ ድስት ምላስ

በሰው አገር ስድስት ዓመት ተቀምጬ የተማርኩት ፍልስፍና ነበር። ያን ጊዜ ካነበብኳቸው መጻሕፍት የአብዛኞቹን ርእስ እንኳ ዛሬ አላስታውስም። ስለ ጊዜ ምንነት የጻፍኩት የመመረቂያ ጽሑፍ መደርደሪያው ላይ አለ፤ አልፎ አልፎ ገለጥ ሳደርገው ሌላ ሰው የጻፈው ይመስለኛል፣ ያውም በራሱ ከመጠን በላይ የሚተማመን ሰው። የአንድ ባቡር ሾርባ ግን እስከ ዛሬ አፌ ውስጥ አለ። የሚቀረውንና የሚጠፋውን ማን እንደሚመርጥልን ፈላስፎቹም አልነገሩኝ።

ዩኒቨርሲቲው አንድ ከተማ፣ የትርጉም ሥራ የሚሰጠኝ መሥሪያ ቤት ሌላ ከተማ ስለነበሩ በየሳምንቱ ዓርብ ሄጄ ሰኞ እመለሳለሁ። ባቡሩ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተነሥቶ ዘጠኝ ሰዓት ይገባል። የእኔ ትኬት የሚያስቀምጠው የእንጨት ወንበር ላይ ነበር። ስለዚህ አንድ ሳህን ሾርባ አዝዤ በምግብ ቤቱ ፉርጎ፣ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ያለችው ጠረጴዛ ላይ መዋል ለመድኩ።

ወጥ ቤቱን የሚያዙትን ሰውዬ ሠራተኞቹ ሁሉ ጋሼ ድስት ይሏቸዋል። አጭርና ክብ ናቸው፤ ጆሮዎቻቸው እንደ ድስት እጀታ ግራና ቀኝ ወጣ ያሉ። «ስሙን ያወጡልኝ ጆሮዬን አይተው ነው፤ ሆዴን ቢያዩማ በርሜል ይሉኝ ነበር» ይላሉ ራሳቸው። ሁለት እርምጃ በማታስኬድ ወጥ ቤት ውስጥ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ቆመዋል። የመንገዱን ኩርባ ሁሉ ወገባቸው ያውቀዋል፤ ባቡሩ ገና ሊያዘነብል ሲል፣ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ ድስቱን ደገፍ ያደርጉታል።

አንድ ዓርብ ሾርባው ጨው ብቻ ሆነብኝ። ይሉኝታ ይዞኝ ዝም ብዬ ጠጣሁት። ምሳ ሲያበቃ ጋሼ ድስት ወጥተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

«ጨው በዝቷል?»

«ትንሽ…»

«ትንሽ አትበለኝ። ሦስት ብርጭቆ ውሃ ጠጥተሃል።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ባለፈው ጉንፋን ከያዘኝ ወዲህ አፌ ሞቷል። ኮምጣጤውም ወተቱም አንድ ሆኖብኛል። ሐኪሙ ይመለሳል ይለኛል፤ መቼ ስለው ትከሻውን ይሰብቃል።»

«ለምን አስተናጋጁ እየቀመሰ አይረዳዎትም?»

«ለሱ ከምነግረው በድምፅ ማጉያ ባስነግር ይሻለኛል! አንተ እዚህ አገር የምታማበት ዘመድ የለህም። ምላስህን አውሰኝ።»

የሚፈሩት ከባቡሩ መውረድን ነበር። ነገሩ ከተሰማ አለቆቻቸው ወደ መጋዘን ሥራ ያዛውሯቸዋል። ባቡሩ ደግሞ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ በመንገዱ እኩሌታ ያለች ጣቢያ ደርሶ፣ ሞተር እስኪቀየርለት አሥራ ሁለት ደቂቃ ይቆማል። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ያለቻቸው አንዲት ልጅ እዚያ ልብስ ሰፊ ናት። በሄዱም በተመለሱም ቁጥር በበሩ ላይ ክዳን ያለው ጣሳ ሾርባ ያቀብሏታል፤ አሥራ ሁለቷን ደቂቃ ያወራሉ፣ አንዳንዴም ዝም ብለው ይተያያሉ። «መጋዘን ከገባሁ» አሉኝ፣ «እሷን የማያት እንደ እንግዳ በቀጠሮ ነው።»

እንዲህ ሆኖ ቀማሽ ሆንኩ። እኔ በሌለሁባቸው ቀናት ያልኳቸውን አንድ በአንድ እየደገሙ ይሠራሉ። ሥራዬን እንደ ምርምር ነበር የያዝኩት። ሽንኩርቱ ትንሽ ጠቆር ይበል እላለሁ፤ ይጠቁራል። ነጭ ሽንኩርት አነሰው እላለሁ፤ ይጨመራል። ቁንዶ በርበሬም እንደዚያው። ሾርባው በየሳምንቱ እየጣፈጠኝ ሄደ። የባቡሩ መናወጥ ያስተኛኝ ጀመር፤ እናቴን በህልሜ አያት ጀመር። ይህን ሁሉ ከሾርባው ጋር አላገናኘሁትም። ጋሼ ድስት «ልክ ነው?» ይሉኛል፤ «ልክ ነው» እላለሁ። አልዋሸሁም።

በሦስተኛው ወር በተሳፋሪዎች የአስተያየት መዝገብ ላይ «ሾርባው ያቃጥላል፤ የድሮው ይመለስልን» የሚል በዛ። አንድ ሰኞ ጠዋት ከዋናው መሥሪያ ቤት የተላከ ተቆጣጣሪ ተሳፈረ። ባርኔጣውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ ምሳውን ቀምሶ ሪፖርት እንደሚጽፍ ተናገረ። ጋሼ ድስት ማንኪያውን አቀበሉኝ።

«ዛሬ ምላስህን አደራ።»

ቀመስኩ። እንደዚያ ቀን ጥሞኝ አያውቅም። «ልክ ነው» አልኩ።

እኩሌታው ጣቢያ ስንደርስ ተቆጣጣሪው በጥያቄ ይዟቸው ስለነበር ጣሳውን እንዳደርስ ላኩኝ። ልጃቸው ሜትሯን አንገቷ ላይ ጥላ፣ መርፌ ኮሌታዋ ላይ እንደሰካች ቆማለች።

«ተማሪው ማለት አንተ ነህ?» ክዳኑን ከፍታ አሸተተች። «ዛሬም ያው ነው።»

«ምኑ?»

«ያንተ ሾርባ ነዋ! አባቴ ሽንኩርት እንዲህ አያሳርርም። መጀመሪያ ሴት የያዘ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ኋላ አስተናጋጁ ‹አንድ የውጭ አገር ተማሪ ወጥ ቤት እየገባ ይቀምስለታል› ሲለኝ ገባኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እሱ እንዳላውቅ ይፈልጋላ! ካወቅኩ ሥራህን ተውና እኔ ዘንድ ና የምለው ይመስለዋል።»

ስለ ተቆጣጣሪው ነገርኳት። የጣቢያውን ሰዓት ቀና ብላ አየች።

«ይሄንን ሊያቀርብለት ነው?»

«ቀምሼዋለሁ እኮ፣ ልክ ነው።»

«ለማን?» አለችኝ።

ስንት ዓመት ስለ እውነት ተከራክሬ እንዲህ ባጭሩ ተጠይቄ አላውቅም። ሦስት ወር ሙሉ የሰውየውን ድስት በማንኪያ እየጎተትኩ ወደ እናቴ ጓዳ ስወስደው ከርሜአለሁ። ልክ ነው ያልኩት ቤቴን ነበር። በዚህ ስንፍናዬ ሰውየውን ከባቡሩ ላስወርዳቸው ነው።

እሷ ቀድማኝ ደረጃውን ወጣች።

«አንቺ! ባቡሩ ሊነሣ ነው!» አሉ አባቷ።

«ይነሣ።»

«ሱቅሽስ?»

«ሱሪ ቢያድር አይሻግትም።»

ወደ እኔ ዞሩ፤ ፊታቸው ዐመድ መስሏል። «ነገርካት?»

«ምላሴ ነው የነገረኝ» አለች ልጃቸው ቀድማኝ። « ማንኪያ አቀብለኝና ሌላ ድስት ጣድ፣ አባዬ። ቅመም ያልነካው መረቅ አለህ አይደል?»

ነበራቸው። ምሳ ሊቀርብ ግማሽ ሰዓት ቀርቷል። እሷ በሩ ላይ ቆማ ትቀምሳለች፤ እሳቸው ይሠራሉ። «ሽንኩርቱን አውጣው፣ አውጣው፣ በቃ! ወተት… ትንሽ ጨው። ኧረ ጋሼ ድስት፣ ትንሽ አልኩ!» በቅጽል ስማቸው ስትጠራቸው ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

ተቆጣጣሪው አንድ ሳህን ጠጣ፣ ሁለተኛ አስጨመረ፣ የቀረውን በዳቦ ጠራረገ። አስተናጋጁ ከትከሻው በላይ አሾልኮ አንብቦ እየሮጠ መጣ።

«‹እንደ ወትሮው› ብሎ ጻፈ!»

ጋሼ ድስት ወደ ግድግዳው ዞረው ዓይናቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ፤ ሽንኩርት ነው አሉ። «ሽንኩርቱ ተከትፎ ካለቀ እኮ ቆየ» አለ አስተናጋጁ።

ለእኔም ከአዲሱ ቀዱልኝ። ለስላሳ፣ ደግ ሾርባ ነበር። ግን ገና የመጀመሪያውን ማንኪያ ስውጥ በሰው አገር መሆኔ ትዝ አለኝ። መስኮቱን እያየሁ ጨረስኩት።

ከዚያ ወዲህ ልጅቱ የራሷን ማንኪያ ይዛ ጣቢያው ላይ ትጠብቃለች። በአሥራ ሁለቷ ደቂቃ ትቀምሳለች፣ ትቆጣለች፣ ትስቃለች፤ እሳቸው ጨው ሊጨምሩ ይሮጣሉ። ከበፊቱ ይልቅ ያወሩ ነበር መሰለኝ። እኔም ሾርባዬን ጠጥቼ መጽሐፌን አነባለሁ።

ትምህርቴን ጨርሼ ወደ አገሬ ልመለስ የመጨረሻውን ጉዞ የሄድኩ ቀን፣ ጋሼ ድስት ክዳን ያለው ጣሳ ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩልኝ። ከፈትኩት። ጠቆር ያለ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቁንዶ በርበሬ። የእናቴ ጓዳ በዚያ ፉርጎ ውስጥ ቁጭ አለ።

«ልክ ነው?» አሉኝ በሩ ላይ ቆመው።

አፌ ሞልቶ ነበርና ራሴን ብቻ በአዎንታ ነቀነቅኩላቸው።

«እኔማ ጣዕሙን ዛሬም አላውቀውም» አሉ። «ያልከኝን ነው የሠራሁት። ነጭ ሽንኩርት አራት ፍሬ፣ ቁንዶ በርበሬ ሦስቴ ቆንጠር።»

ሌላም ሊሉ ነበር። ግን ባቡሩ ኩርባ ሊይዝ ስለነበር ድስታቸውን ሊደግፉ ገቡ።