በከንቱ የታማው ሞተር

ጦርነቱ ሳይመጣ በፊት ካርቱም፣ ሐጅ ዩሱፍ ውስጥ በያጅ ነበርኩ። በር፣ መስኮትና አልጋ እሠራለሁ። የሰፈሩ ሰው ብየዳ የሚወደው ወፍራም ሲሆን ነው። በጣቱ ዳስሶ «ማሻአላህ» ሲለኝ እኔም እንደ ሙሽራ እሽኮረመማለሁ። ጥፋቴም የጀመረው ከዚሁ ነው።

ከደንበኞቼ አንዱ አሮጌ የብረት ጀልባ የነበራቸው ሱዳናዊ ሽማግሌ ናቸው። ከቱቲ ደሴት አትክልት ጭነው ወደ ገበያ ያሻግራሉ። በየዓመቱ ወንዙ ሲጎድል፣ ከጀልባዋ ኋላ ሆኖ ውኃውን የሚገፋው ባለ ሦስት ክንፍ ብረት፣ እነሱ ራፋስ የሚሉት፣ ድንጋይ እየመታው ይሸራረፋል። ፈትተው ያመጡልኛል፤ እኔም እንደ በር አወፍርላቸዋለሁ። አመስግነው፣ ሻይ ጋብዘውኝ ይሄዳሉ።

ጀልባዋ ግን ከዓመት ዓመት እየሰነፈች፣ ናፍጣ እንደ ውኃ እየጠጣች ሄደች። ሞተሩ አርጅቷል ተባለ። እኔም አብሬ አማሁት። ሌላ ሞተር የሚገዙበት አቅም ስላልነበራቸው፣ ሽማግሌው ጀልባዋን ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሊሸጧት ተስማሙ። ቅዳሜ መጥቶ ሊወስዳት ነው። ከእሷ ሌላ እንጀራ አልነበራቸውም።

ረቡዕ ዕለት ኤሌክትሮድ ልገዛ የገባሁበት ሱቅ ውስጥ አዲስ ራፋስ ተሰቅሎ አየሁ። ክንፉ ልሙጥ፣ ጠርዙ ስስ ነው። የእኔው እንደ ድፎ ዳቦ ያበጠ ነበር። ክው አልኩ። ሞተሩን ያደከመው እርጅና ሳይሆን የእኔ ብየዳ ኖሯል።

ይሉኝታ ያዘኝና እውነቱን መናገር አቃተኝ፤ ፈራሁም። ስለዚህ ዋሸሁ። ጀልባዋ የከበደችው ሆዷ አረንጓዴ ዝልግልግ ስለለበሰ ነው፣ እሱን ይፋቁ፣ ራፋሱን ደግሞ ስንጥቅ እንዳይኖረው ልየው አልኳቸው። በማግስቱ እሳቸው ፀሐይ ላይ ተንበርክከው ሲፍቁ፣ እኔ ራፋሱን በሪክሻ ይዤ ሱቄ ገባሁ። ለዓመታት የለጠፍኩትን ብረት ቀኑን ሙሉ በብረት መሞረጃ ማሽን ስልጥ ዋልኩ። ዘንግ ላይ ሰክቼ እያዞርኩ፣ ከብዶ ወደ ታች የሚወርደውን ክንፍ ደግሜ ሞረድኩ። ጎረቤቴ ምን እየሠራህ ነው ቢለኝ፣ ንስሐ እየገባሁ ነው አልኩት።

ዓርብ ጠዋት ሞከርናት። ከዳር ተስፈንጥራ ስትወጣ ሽማግሌው መሪውን ሊለቁት ምንም አልቀራቸው። ደሴቲቱን ደርሰን ስንመለስ የቀረውን ናፍጣ በእንጨት ለኩና፣ ወዲያው ለብረት ነጋዴው ደውለው እንዳይመጣ ነገሩት። ከዚያም ወንዙ ዳር ያሉትን ባለጀልባዎች ሰብስበው ስለ መፋቅ ይሰብኩ ጀመር። ከእነሱ ሁለቱ ጀልባቸውን ሊፍቁ ሸሚዛቸውን ሲያወልቁ ሳይ አላስቻለኝም። ሽማግሌውን ወደ ጎን ወስጄ የሆዴን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው።

አልተቆጡም። «ወላሂ፣ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ አውቄያለሁ» አሉኝ። «ሌላ በያጅ ጋ እንዳልወስደው መንገዴ በሱቅህ ደጃፍ ነው። ተሸክሜው ስታየኝ ታፍራለህ ብዬ ነው። ስለ መፋቅ የሰበክሁትም ያው አንተን ለመሸፈን ነው።»

እኔን ላለማሳፈር ጀልባቸውን ሊሸጡ! ተናደድኩም፣ አፈርኩም፣ ሳቄም መጣ።

«ታዲያ ያ ዓሚ፣ ጀልባዎ ልትሸጥ ስትል እንኳ ለምን ዝም አሉኝ?» አልኳቸው።

ጉልበታቸው ላይ የደረቀውን አረንጓዴ ቀስ ብለው እያራገፉ፣ «አንተስ ያ ወለዲ፣» አሉኝ፣ «ይህን ሁሉ ለምን አስፋቅኸኝ?»