የጥቀርሻ መፋቂያዋ ቁልፍ

ዛሬ ጠዋት መብራት ሄደብኝ። ጆሃንስበርግ፣ ፎርድስበርግ ሰፈር ያለችው ሱቄ እስከ ኮርኒሷ ብርድ ልብስ ተደርድሮባት፣ መብራት እያለም የዋሻ ዘመድ ናት፤ ሲጠፋማ የገዛ እጄን ለማግኘት ማስታወቂያ ማውጣት ሊኖርብኝ ነው። ሻማ ፍለጋ የባንኮኒውን መሳቢያ ስዳብስ ጣቴ አንዲት ቀዝቃዛ ነገር ላይ አረፈ። ማየት አላስፈለገኝም። አንድ ጎኗ በሞረድ ተበልቶ እንደ ምላጭ የሳሳ፣ ሌላው ጎኗ ግን ገና ቁልፍ መሆኑን ያልረሳ፣ የናስ ቁልፍ ናት። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋኋት። ሃያ ዓመት አልፎም ፓራፊንና የተቃጠለ ባሩድ ትሸታለች፤ ወይም ትሸታለች ብዬ አምኛለሁ። እኔ ስለ ገዛ አፍንጫዬም ማጋነን አላቆምኩም።

ስማኝ እንግዲህ። ያን ጊዜ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ቤሪያ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍል ለሰባት ተከራይተን፣ አንዱ በእንቅልፉ ሲገላበጥ ስድስታችን አብረን እንገላበጥ ነበር። ለእነዚያ ስድስት ሰዎች የጦር መሣሪያ ባለሙያ ነኝ ብያቸው ነበር። ማታ ገብቼ ኮቴን ሳወልቅ በአክብሮት ወሬያቸውን ያቋርጡ ነበር ብል ብዙም አልዋሸሁም። እውነቱን ከፈለግክ ግን ጥቀርሻ ፋቂ ነበርኩ።

እዚህ አገር አዳኝ ብዙ ነው። ተኩሱ ጆሯቸውን እንዳያደነቁር፣ አውሬውንም ከነዘመድ አዝማዱ እንዳያስበረግግ፣ አፈሙዙ ላይ የሚጠመዘዝ ቱቦ አላቸው። እነሱ ሳይለንሰር ይሉታል፤ እኛ ማፈኛ እንለው ነበር። ሆዱ ውስጥ መሃላቸው የተበሳ ሳህኖች ተደርድረዋል። በተተኮሰ ቁጥር ጭሱ በየሳህኑ ላይ ይለጠፋል፤ ይደራረባል፤ ሲውል ሲያድር ድንጋይ ይሆናል። የአደኑ ወራት ሲያልቅ ማፈኛዎቹ እንደጠገበ ሰው ከብደው፣ በካርቶን በካርቶን ወደ እኛ ይመጣሉ።

ከከተማው በስተደቡብ፣ ጣሪያው በየቦታው የተበሳ የቆርቆሮ ቤት ነበር ሥራ ቤታችን። ፀሐይዋ በቀዳዳዎቹ እየገባች ወለሉ ላይ ሳንቲም የበተነች ትመስል ነበር። ባለቤቱ ነጭ ሽማግሌ ነው። «ኦም» እንለዋለን፤ በነሱ ቋንቋ አጎቴ እንደማለት ነው። ጠመንጃዎቹን ከፊት ለፊቱ ክፍል ካዝና ውስጥ ቆልፎ፣ ቁልፉን አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል። የጦር መሣሪያ ባለሙያው እኔ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ጠመንጃ በእጄ ነክቼ አላውቅም።

ከእኔ ሌላ አንድ ፋቂ ብቻ ነበር፤ ከሆሳዕና በኩል የመጣ፣ በአምስት ዓመት የሚበልጠኝ ዝምተኛ ሰው። እሁድ ከቸርች ስለማይቀር «ፓስተር» እለው ነበር። ፓስተር አልነበረም። እኔ ከስልጤ፣ እሱ ከሀዲያ፤ አማርኛ ለሁለታችንም የእናት ቋንቋ አይደለም። እኔ በብዛት እናገረዋለሁ፣ እሱ ደግሞ በጥንቃቄ።

ከዚያ በፊት ሶዌቶ ውስጥ ስፓዛ ነበረው፤ ዳቦና ስኳር፣ ዘይትና የስልክ ካርድ በብረት ፍርግርግ ቀዳዳ የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ። አንድ ከሰዓት ዘራፊዎች በፍርግርጉ በኩል ተኮሱበት። ጥይቱ ጆሮው ሥር የነበረውን የዘይት ጀሪካን በሳው። ዘይቱ ደረቱ ላይ ሲፈስ ደሙ መስሎት፣ ሞቶ እንደሆነ ለማረጋገጥ ስሙን ለራሱ ይጠራ እንደነበር አንዴ ብቻ ነግሮኛል። ከዚያ ወዲህ የድስት ክዳን ሲወድቅ እንኳ ከንፈሩ ይነጣ ነበር። ሱቁን ዘጋና ኦም ዘንድ ገባ። የሱቁን ጓጉንቸር ቁልፍም በሞረድ አሹሎ የጥቀርሻ መፋቂያ አደረጋት።

«ብረት ማፈኛውን ይጭረዋል» አለኝ። «ናስ ግን ጥቀርሻውን ብቻ ነው የሚወስደው። ያንን በር ሁለተኛ አልከፍተውም፤ ቁልፏ እንኳ ሥራ ትሥራ።»

ሌላ ቀን ደግሞ፣ ክርኑ ድረስ ጠቁሮ ሳለ፣ «ጠመንጃን ዝም የሚያሰኝ ነገር ሲያቆሽሸኝ ደስ ይለኛል» አለ። ያን ቀን ምን ብዬ እንደቀለድኩበት አላስታውስም። መቀለዴን ግን አልጠራጠርም።

አሁን ስለ ገንዳዎቹ ልንገርህ። ሁለት ነበሩ። በአንዱ ትኩስ ኮስቲክ ሶዳ አለ፤ እሱ የብረት ማፈኛዎች ነው። በሌላው ፓራፊን አለ፣ የእኛው ላምባ፤ እሱ የአልሙኒየሞቹ ነው። ኮስቲክ ሶዳ ብረትን አይነካም፤ አልሙኒየም ካገኘ ግን ይበላዋል። ሁሉም በጥቁር ቀለም ስለተቀቡ ደግሞ በዓይን አይለዩም። ስለዚህ ከጣሪያው በሲባጎ የተንጠለጠለ ማግኔት አለ። ከያዘው ብረት ነው፤ ካልያዘው ፓራፊን። ይህም ብቻውን አይበቃም፤ አንዳንዱ አፉ ብረት፣ ሆዱ አልሙኒየም ነው። ኦም በመጀመሪያው ቀን ያስተማረን ሦስት ቦታ እንድንነካ ነበር፤ አፉን፣ ሆዱን፣ ጭራውን።

ፓስተር አንድም ቀን አልዘለለም። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ አፉን፣ ሆዱን፣ ጭራውን። እኔ ደግሞ አንድም ቀን አላለፍኩትም።

«ፓስተር፣ ታጥባለህ ወይስ ታጠምቃለህ?»

«ሥራህን ሥራ አንተ ልጅ።»

«ስም አወጣህለት? ክርስትና አባቱስ እኔ ልሁን?»

መጀመሪያ መጀመሪያ ይስቅ ነበር። በኋላ ማግኔቱ ዘንድ ሲሄድ ጀርባውን እየሰጠኝ፣ በትከሻው እየከለለ መንካት ጀመረ። ያን ጊዜ ይህ ራሱ ያስቀኝ ነበር።

የምነግርህ ነገር የሆነው አንድ ረቡዕ ምሳ ሰዓት ላይ ነው። በየማፈኛው ላይ የሚሠራው ሰው ምልክት ያለባት ካርቶን በሽቦ ትታሰራለች። የፓስተር ምልክት ክብ ናት። የእኔ ኮከብ ነበረች፤ ሌላ ምን እንድትሆን ጠብቀህ ነበር? ያን ቀን እሱ ጠረጴዛ ላይ ክብ የታሰረችበት አንድ ረጅም ማፈኛ ነበር። ኦም በጎልማሳነቱ በገዛ እጁ ለልጅነት ጓደኛው የሠራው ነው። ዓመት ጠብቆ ሲመጣ እንደ ዘመድ ነበር የሚቀበለው።

ተራው የፓስተር ስለነበር ምሳ ሊገዛ ወጣ። በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ሲያስር፣ እኔ አንድ ወሬ ጀምሬ ጮክ ብዬ እያወራሁለት ነበር። እያወራሁ ማፈኛውን ከጠረጴዛው አነሳሁ። ልርዳው ብዬ ነው፤ ተመልሶ ሲመጣ ተነክሮ ይጠብቀው ብዬ። ይህችን አላጋነንኳትም። አፉን ማግኔቱ ላይ አስነካሁት። ጠቅ አለ። ካርቶኗን ከገንዳው ውጭ አስቀርቼ ኮስቲኩ ውስጥ ጨመርኩትና ወሬዬን ቀጠልኩ። ቀና ስል ፓስተር ሄዷል።

መጀመሪያ ሻይ የፈላ መሰለኝ። ሲስስ የሚል ድምፅ። ኦም ባለመኖሩ ጣቢያ ቀይሬ ሬዲዮ ከፍቼ ስለነበር ትንሽ ቆየሁ። ዞር ስል ግራጫ አረፋ ከገንዳው ጠርዝ አልፎ ወለሉ ላይ ይወርዳል። በመንጠቆ ጎትቼ አወጣሁት። አፉ ደህና ነው፤ ጭራውም ደህና ነው። ሆዱን ብል የበላው የሱፍ ልብስ አስመስሎታል።

ፓስተር በዚያው ቅጽበት ገባ፤ በጋዜጣ የተጠቀለለ ዳቦ በጥብስ ድንች ይዞ፣ የኮምጣጤው ሽታ ከፊቱ እየቀደመ። አረፋውን አየ። ማፈኛውን አየ። ካርቶኗን አየ። እኔን አየኝ። ከኋላው ኦም ሽታው አጠራጥሮት መጣ።

ሽማግሌው አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ማፈኛውን በውሃ አለቅልቆ ወደ ጣሪያው ቀዳዳ አነሳው። ፀሐይዋ በማፈኛው ሆድ አልፋ የሽማግሌው ጉንጭ ላይ ትንንሽ ነጠብጣብ ሆነች። ከዚያ ታጥቦ ያለቀ ማፈኛ ሁሉ እንደሚመዘነው፣ በልማድ ይመስለኛል፣ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠውና መርፌዋ እስክትቆም ጠበቀ። ካርቶኗን አነበበ።

«የአንተ ነው?» አለው ፓስተርን።

ፓስተር ወደ እኔ ዞሮ ጠበቀኝ። በሰው ፊት ሰው የሚከስ ሰው አልነበረም፤ ቦታውን ለእኔ ለቀቀልኝ። ያቺ ጊዜ አንድ ሰው ከጆሃንስበርግ ኬፕታውን በእግሩ ደርሶ የሚመለስባት ጊዜ ነበረች። ሊያጣ የነበረው እንጀራውን ብቻ እንዳልነበረ አውቃለሁ። ከዚህ ከወጣ የሚመለሰው ከዚያ ፍርግርግ ኋላ እንደሆነ፣ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

«ኦም፣ እኔ ነኝ» አልኩ።

እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ዛሬ ለአንተ የማወራው አይኖረኝም ነበር። አላቆምኩም። «እኔ ነኝ» አልኩ ደግሜ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፤ «ደርባን ወደብ ላይ መርከቡን ያሰጠምኩትም፣ ዛሬ ጠዋት ባቡሩን ያዘገየሁትም እኔው ነኝ።»

ሳላስበው ያመለጠኝ ነው እያልኩ ለብዙ ዓመት ለራሴ ነግሬዋለሁ። አላመለጠኝም። ጥፋቴን በቀልድ ጠቅልዬ የሰጠሁት ኦም እንዳይቀበለኝ አውቄ ነው። እውነቱን ተናግሬያለሁ፤ ደግሞም አልተናገርኩም።

ኦም ዞሮም አላየኝም። «ቀልደኛው፣ ዛሬ አይደለም» አለ።

«ምልክቱ የእኔ ነው» አለ ፓስተር።

«እንግዲያው እስከ ዓርብ ድረስ ሥራ» አለው ሽማግሌው፤ ማፈኛውን ታቅፎ ወደ ፊተኛው ክፍል ገባ።

ፓስተር ጋዜጣውን ፈታና ዳቦውን ለሁለት ከፈለው። ግማሹን እንደ ወትሮው ከፊቴ አስቀመጠልኝ። በላሁት። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ጣፍጦኝም ነበር።

ዓርብ ማታ ሊወጣ ሲል ጠረጴዛውን ወለወለ፤ ጨርቁን አጥቦ አሰጣ። ከዚያ ቁልፏን አምጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጣት።

«አንተ ጋ ትሁን» አለኝ። «እኔ ከእንግዲህ የምፈልገው በር የሚከፍት ቁልፍ ነው።»

ሶዌቶ፣ የአጎቱ ልጅ ሱቅ ውስጥ ገባ። ሰኞ ለኦም በቀጥታ እነግረዋለሁ አልኩ። ሰኞ ደረሰ፤ ኦም ሳቅ አለልኝ፤ ማክሰኞ አልኩ። እንዲህ እያልኩ ስንት ሰኞ እንዳለፈ ብነግርህ እያጋነንኩ ይመስልሃል።

አንድ እሁድ ከሰዓት ልጠይቀው ሄድኩ። ከፍርግርጉ ኋላ ተቀምጦ ነበር፤ ፊቱ በብረቱ ተከፋፍሎ። በቀዳዳዋ ቀዝቃዛ ለስላሳ አቀበለኝ። መንገድ ላይ ልጆች ቆርቆሮ ሲመቱ እጁ ባንኮኒው ላይ ዘለለች፤ ያላየሁ መሰልኩ።

«ያን ቀን ማለት…» ብዬ ጀመርኩ።

አንዲት ሴትዮ ዳቦ ልትገዛ መጣች። «ሳውቦና ማማ» አላት ፈገግ ብሎ፤ በዙሉ ሰላምታ። ሸኛትና ወደ እኔ ተመለሰ። እኔ ከጀመርኩበት ሳይሆን ከራሱ ጀመረ።

«በሩ ላይ ነበርኩ እኮ። ጠቅ ሲል ሰማሁ፤ ወዲያው ደግሞ ውሃው ውስጥ ሲገባ። ሆዱን አልነካኸውም።»

ለስላሳውን ከአፌ መለስኩ። «ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«ልመለስ ነበር። ሆዱንም ንካው ልልህ ነበር።» የባንኮኒውን አቧራ በጣቱ ጠረገ። «ትስቅብኛለህ ብዬ ተውኩት። ስለዚህ ምልክቱ የእኔ ነው ያልኩት ውሸት አይደለም።»

ይቅር በለኝ ማለት ነበረብኝ። ለዚያ ነበር የሄድኩት። እኔ ግን ፍርግርጉን ይዤ፣ «ፓስተር፣ ንስሐ የምገባባት ቀዳዳ ይህቺ ናት?» አልኩት። እሱም ሳቀልኝ፤ ጥርሱ እስኪታይ ሳቀልኝ። በዚያች ሳቅ ተለያየን።

ለኦም የነገርኩት ክረምቱ ሲገባ ነው። ቀልድ አልጨመርኩበትም፤ ምላሴ እንደ ተዋሰችው ቋንቋ ከበዳት። ሽማግሌው መነጽሩን አወለቀ። የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ሂድና አምጣው» አለኝ። የመኪና መሳፈሪያም ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ።

ሄድኩ። በዚያ ሳምንት በሰፈሩ የስደተኞች ሱቅ ዝርፊያ ተነስቶ ነበር። የሱቁ በር በብየዳ ተዘግቷል፤ ፍርግርጉ ወደ ውስጥ ተጣሟል፤ መሬቱ ላይ ስኳርና ዘይት ተቀላቅሎ ጉንዳን ወሮታል። ዳቦ የገዛችው ሴትዮ በደህና መውጣቱን ነገረችኝ። ወዴት እንደሆነ አታውቅም። አንዱ ወደ ሰሜን ነው አለኝ፤ ሌላው አገሩ ገብቷል አለኝ። ስልኩ አይሠራም። ወደ ኦም ባዶ እጄን ተመለስኩ። መሳፈሪያውን ልመልስለት ስል እጁን አልዘረጋም።

ፎርድስበርግ ምግብ ቤቶች ውስጥ ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ አውርቼዋለሁ መሰለህ። መርከቡ ላይ ስደርስ ሰው ሁሉ ይስቃል፤ ትን የሚለውም አለ። እኔ በማወራው ታሪክ ውስጥ የተባረርኩት እኔ ነኝ። ፓስተር የለበትም።

መብራቱ መጣ። ብርድ ልብሶቹ ቀለማቸውን ለብሰው ብቅ አሉ። ሻማውም ሲያዩት ከቁልፏ ጎን ተኝቶ ኖሯል። ቁልፏን ወደ መሳቢያው ከመመለሴ በፊት በአውራ ጣቴ ነካኋት፤ አፏን፣ ሆዷን፣ ጭራዋን። ሱቁ ውስጥ የሚስቅብኝ ሰው አልነበረም።