የእናቴ ቅቤ

እናቴን በሰው ፊት ቆሻሻ ያሰኛት ቅቤ ኋላ በሌላ ስም ተከብሯል። ይህ በደል ተጽፎ እንዲቀር እፈልጋለሁ። ያነሳሳችኝ የልጅ ልጄ ናት። ትናንት ደሴ ቤቴ ቁጭ ብላ፣ የዕፅዋት መድኃኒትን ዓይን በማያያቸው የስብ ጠብታዎች ጠቅልሎ ሰውነት ውስጥ ስለሚያስገባ ጥበብ ከስልኳ አነበበችልኝ። «አይደንቅም፣ እማማ?» አለችኝ።

በኢሕአዴግ ጊዜ፣ ገና የመጀመሪያ ልጄን አዝዬ ሳለሁ ነው። እናቴ ሐርቡ ውስጥ ጭርት ታድን ነበር። ቅጠሉን፣ ስሙን አሁንም አልጽፈውም፣ ጎህ ሲቀድ ከሰው ሳትነጋገር ቀጥፋ ትወቅጥና በለጋ ቅቤ ለውሳ ትቀባለች።

ማሽላው ሲያሸት አንድ ተመራማሪ መጣ። በጣም ትሑት ነበር፤ ያስጠረጠረኝም ትሕትናው ነው። ከቅጠሉ ቆንጥሮ ብልቃጥ ውስጥ ከተተና፣ ተራ የሚጠብቁ ሴቶች እየሰሙ፣ «እማማ፣ ቅጠሉ ጥሩ ነው። ቅቤው ግን ቆሻሻ ነው፤ ይተዉት» አላት።

«ያለ ቅቤማ ቆዳው አያስገባውም፣ ልጄ» አለች እናቴ። «እደጅ ቆሞ ይቀራል።»

ፈገግ አለ። ከዚያ ወዲያ ሴቶቹ ቀሩ። ጎረቤታችን እንኳ ልጇን ይዛ ኮምቦልቻ ሐኪም ቤት ሄደች። እናቴ «ወላሂ፣ ሰው አቆሽሼ አላውቅም» እያለች ትብሰለሰል ጀመር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያው ሰው ደሴ ላይ ለባህል ሐኪሞች ትምህርት ሊሰጥ ነው ሲባል ሰማሁ። የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ወጥቼ ሄድኩ።

«የቅጠሉ ፍቱን ነገር ውሃ ውስጥ አይሟሟም፤ ቆዳም አልፎ አይገባም» አለ። «እኛ ግን ከፀጉር በብዙ መቶ እጥፍ በሚያንስ የስብ ጠብታ አሳፍረን አስገባነው።»

ተነሳሁ። «ስቡን ማን ነገረህ?»

ከኋላዬ አንዱ «እትዬ፣ ወጥ አይደለም እኮ የሚሠራው» አለ። አዳራሹ ሳቀ።

በር ላይ ጠበቅኩት። አወቀኝ። የሱ ጠብታ ተጣርቶ በመሣሪያ የደቀቀ እንጂ የእናቴ ቅቤ እንዳልሆነ አስረዳኝ። ይሁን፤ ድካሙን አልነጥቀውም።

«እናቴ በሕይወት አለች» አልኩት። «ሐርቡ ሂድና በሴቶቹ ፊት ‹እውነትዎን ነበር› በላት። ቅቤዋም ጽሑፍህ ላይ ይግባ።»

ሐርቡ እሄዳለሁ አለ። አልሄደም፤ እናቴም ቃሉን ሳትሰማ አለፈች። ዛሬ ሳስበው፣ ያን ቀን ከአፉ የወጣው እውነት ስለ ጽሑፉ የመለሰልኝ ብቻ ይመስለኛል፦

«ቅቤ ብዬ ብጽፍ ማን ያነብልኛል፣ እህቴ?»