ወንድሜ የሳላት ልጅ

ወንድሜ ቤታችን ውስጥ ተደብቆ በኖረባቸው ሰባት ወራት፣ እናቴ ጅቡቲ ሄዷል ብላ ለሰው ሁሉ ተናግራ ነበር። መናገር ብቻም አይደለም። የሰፈራችን ሴቶች ለሠርግና ለለቅሶ በሚሰባሰቡበት አፎቻ መሃል ተቀምጣ፣ «ያ ረቢ፣ በረሃው በልቶት ይሆን? ውሃስ ያገኝ ይሆን?» እያለች አልቅሳለች። ሴቶቹም አብረዋት አልቅሰዋል። ልጇ ግን እዚያው ቤቷ ውስጥ፣ ስፌቷን በምታስቀምጥባት ጠባብ ላይኛ ክፍል፣ ከአክርማው ነዶ ጀርባ ተቀምጦ ነበር።

ጊዜው የቀይ ሽብር ጊዜ ነው። ወንድሜ ሃያ ዓመቱ ነበር፤ አስተማሪ ለመሆን ይማራል። ሁለት ጓደኞቹ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከጀጎል ግንብ ውጭ ወድቀው ተገኙ። ከዚያ በሦስተኛው ቀን እሱ ፊቱን እንዳያዩት የዱቄት ጆንያ በትከሻው ተሸክሞ፣ በጠራራ ፀሐይ ገበያውን ሰንጥቆ መጣና ላይኛው ክፍል ወጣ። ከዚያ ወዲያ አልወረደም።

እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ስድስተኛ ክፍል። አባታችን ከሞተ ቆይቷል። ቤት ውስጥ ያለነው እናቴ፣ እኔና እሱ ብቻ ነን። ምግቡን የማወጣለት፣ ባልዲውን የማወርድለት እኔ ነበርኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ዩኒፎርሜን እንኳን ሳላወልቅ ወደ እሱ እወጣለሁ። እናቴ ሂሳብ የሚያስጠናኝ ይመስላት ነበር። መጀመሪያ ላይም እውነቷን ነው፤ ያስጠናኝ ነበር።

አንድ ቀን ጎረቤታችን ለእናቴ ከጅቡቲ የመጣ ሻሽ ሰጠቻት። ሻሹ የተጠቀለለበት ወረቀት የፈረንጅ መጽሔት ቅዳጅ ነበር። ገጹ በትናንሽ ሣጥኖች ተከፋፍሎ፣ በእያንዳንዱ ሣጥን ውስጥ ሥዕል አለ፤ ከሰዎቹ አፍ እንደ ጭስ የወጣ ክብ ውስጥ ደግሞ ጽሑፍ። ፈረንሳይኛ አናውቅም። ግን ሥዕሉን ተከትለን ታሪኩን እስከ መጨረሻው አወቅነው፤ አንድ ልጅ ውሻው ይጠፋበታል፣ ይፈልጋል፣ ዝናብ ይመታዋል፣ አያገኘውም። ወንድሜ ወረቀቱን ደጋግሞ አየና፣ «ይሄማ እኛም እንችላለን» አለ።

መሳል የሚችል መሆኑን እኔም በደንብ አላውቅም ነበር። ትንሽ ሳለ አባታችን መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ልብስ ሲሰፋ እግሩ ሥር ተቀምጦ፣ በልብስ ሰፊ ጠመኔ በቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ፈረስና ሰው ይስል እንደነበር የነገረኝ ያን ቀን ነው። አባቴ ጠመኔ ያባክናል ብሎ ስለሚቆጣው ቤት ውስጥ ስሎ አያውቅም። እናቴ አንድም ሥዕሉን አላየችም።

አዲስ የሂሳብ ደብተሬን ሰጠሁት። ሣጥኖቹን በማስመሪያ እኔ አሰምራለሁ፤ ሥዕሉን እሱ ይስላል፤ ጽሑፉን ተመካክረን እንጽፋለን። «ታሪኩ ስለ ማን ይሁን?» ስለው፣ ከግድግዳው ቀዳዳ ወደ ደጃችን አሻግሮ እያየ፣ «ስለ እሷ» አለኝ።

እሷ ማለት ከድሬ ጠያራ ገጠር እንጨት እያመጣች የምትሸጥልን ልጅ ናት። በእኔ ዕድሜ ትሆናለች። እናቷ ሞታ ከአባቷ ሚስት ጋር ነው የምትኖረው። እናቴ በኦሮምኛ ታጫውታታለች፤ ሳትበላም አትሸኛትም። ወንድሜ ሰው ሲያልፍ የሚያይባት ያቺ ቀዳዳ ብቻ ስለነበረች፣ ያቺን ልጅ እንደ ዘመድ ለምዷት ነበር።

«ጠይቂልኝ» ይለኛል። «እንጨቱን ስትሸከም የቱ ጋ ነው የሚያማት?»

ወርጄ ጠየቅኳት። ገርሟት ሳቀች። «ስሸከመው አያመኝም» አለች። «ሳወርደው ነው አንገቴ የሚያመኝ። አሁንም የተሸከምኩ ይመስለኛል።»

ይህን ስነግረው እርሳሱን አነሣ። ከዚያ አንድ ገጽ ሙሉ ሳላት፤ ባዶ ትከሻዋን፣ ያልተቃና አንገቷን። በላይዋ ክብም ጽሑፍም አላደረገም።

እንዲህ እያልን ደብተሩን ከግማሽ በላይ ሞላነው። ልጅቷ ከመጀመሪያው ገጽ ሕፃን ሆና ተነሥታ፣ እናቷ ስትሞት፣ የእንጀራ እናቷ ስታስርባት፣ ጅብ በመንገድ ሲያስደነግጣት፣ እየረዘመች፣ ፊቷ እየተለወጠ ትሄዳለች። ስንት ዓመት ድረስ እንደሚስላት ስጠይቀው፣ «እስክታረጅ» አለኝ። «የልጅ ልጅ እስክታይ። እዚህ ጊዜ ምን ቸገረኝ?»

ደብተሩ ከዚያች ክፍል እንዳይወጣ አስምሎኝ ነበር። «ወላሂ በይ» አለኝ፤ «ወላሂ» አልኩ። ግን አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። እንዲያ ያለ ነገር የራሴ ሆኖ አያውቅም። አንድ ጠዋት ሌላ ደብተር መሃል ከትቼ ትምህርት ቤት ወሰድኩት።

በእረፍት ሰዓት ልጆቹ ዴስኬን ከበቡት። እየተጋፉ አነበቡ፤ እናትየዋ የምትሞትበት ገጽ ላይ አንዷ አለቀሰች። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

«ማን ሳለው?» አሉኝ።

«እኔ» አልኩ።

ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ሳቀች። «ውሸታም! ሰሌዳው ላይ ሳዪልን እስቲ።»

ጠመኔ ሰጡኝ። የልጅቷን ፊት ልስል ሞከርኩ። የወጣው ድንች ይመስላል። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ፊቴ እንደ እሳት ነደደ። ያኔ ነው ያልኩት። ቃሉ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ።

«ወንድሜ ነው የሳለው!»

«ወንድምሽ ጅቡቲ ነው አላልሽም እንዴ?» አለች ያቺው ልጅ። በተንኮል አልነበረም፤ ገርሟት ነው።

«ትናንት ነው የሳለው» አልኩ። በድል።

ዞር ስል የሳይንስ አስተማሪያችን በሩ ላይ ቆመዋል። ከጎጃም ተመድበው የመጡ፣ ከክፍል ውጭ ብዙ የማይናገሩ ሰው ነበሩ። ልጆቹን ወደ ውጭ አስወጡ። ደብተሩን አነሡ፣ ሁለት ሦስት ገጽ ገለጡ፣ ዘጉና ሰጡኝ።

«በይ ወደ ቤትሽ ሂጂ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አሁኑኑ። ይሄንን አቃጥይው። ለእናትሽም ያልሽውን ንገሪያት። ሰማሽኝ ልጄ?»

«እሺ ቲቸር» አልኩ።

ወደ ቤት ሄድኩ። ደብተሩን ግን አላቃጠልኩትም፤ ለእናቴም አልነገርኳትም። ወንድሜ ዩኒፎርሜን ሳላወልቅ ስወጣ እንደ ወትሮው ሳቀልኝ። ዛሬ ቶሎ ለቀቋችሁ ወይ አለኝ፤ አዎ አልኩት። ብነግረው መሐላዬን ማፍረሴን ያውቃል። ይቆጣኛል ብዬ ፈራሁ። እንዲህ ያለች ትንሽ ፍርሃት ናት አፌን የያዘችው። ያን ቀን ነግሬው ቢሆን ሌላ ቤት፣ ሌላ ጣሪያ ሥር ሊሄድ ይችል ነበር። ሁለት ሙሉ ቀን ነበረው።

በሦስተኛው ቀን፣ የዙሁር አዛን ብሎ ብዙም ሳይቆይ፣ አምስት የቀበሌ አብዮት ጠባቂዎች ገቡ። እናቴ ነደባው ላይ፣ ማለትም ከፍ ያለው መደብ ላይ፣ ተቀምጣ ስፌት ትሰፋ ነበር። ጠመንጃ የያዘው ሰላምታ እንኳን አልሰጠም።

«ሰዓሊው የት አለ?» አለ።

እናቴ ከልቧ ግራ ተጋባች። «የምን ሰዓሊ? ልጆቼ፣ ቤት ተሳስታችኋል። እዚህ ሰዓሊ የለም።»

«ሰዓሊው ልጅሽ።»

«ልጄ ሰዓሊ አይደለም። ልጄ ጅቡቲ ነው።»

እኔ ከበሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። ሰዓሊ የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ ከዚያ ቤት የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሁለቱ መሰላሉን ወጡ። የአክርማው ነዶ ሲወድቅ ተሰማኝ። ወንድሜ አልታገለም። ሰባት ወር ፀሐይ ያላየ ፊቱ ነጥቶ፣ እጆቹን ወደ ላይ አድርጎ ወረደ። ግቢው ውስጥ ብርሃኑ ዓይኑን ወጋውና ጨፈነ። እኔን አላየኝም። ወይም አይቶኝ ይሆናል፤ አላውቅም።

ለአሥራ ዘጠኝ ቀን እናቴ ወደ እስር ቤቱ ምግብ አመላለሰች። በሃያኛው ቀን ሰሃኑ እንደተሞላ ተመለሰ፤ በሩ ላይ ያለው ሰው «ከእንግዲህ አትድከሚ» አላት። የተዛወረ እንደሆነ፣ የሞተ እንደሆነ አልነገራትም። አስከሬን አልተሰጠንም፤ ለቅሶም አልተቀመጥንም።

ደብተሩን የጣልኩት በዚያው ሳምንት ነው። ቤታችን ድጋሚ ይፈተሻል ተብሎ ሲወራ፣ ገጽ በገጽ ቀድጄ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ከተትኩት። አስተማሪው አቃጥይው ባሉኝ ጊዜ ያላደረግኩትን፣ ምንም በማይጠቅምበት ጊዜ አደረግኩት። የወንድሜ እጅ የነካው ሌላ ወረቀት በቤታችን አልነበረም። ፎቶግራፍ እንኳን አልነበረውም። እንጨት ሻጯ ልጅ እስከ ተዳረችበት ጊዜ ድረስ ትመጣ ነበር፤ በመጣች ቁጥር እኔ ጓዳ እገባለሁ።

እናቴ ግን ተስፋ አልቆረጠችም፤ ከሁሉም የከፋው እሱ ነው። የተስፋዋ ምንጭ ያቺ ቃል ነበረች። «ሰዓሊ ነው የፈለጉት» ትላለች። «ሌላ ሰው ነው። የኔን ልጅ በስህተት ነው የወሰዱት። አንድ ቀን መሳሳታቸውን ያውቁና ይለቁታል፣ ኢንሻአላህ።» ማመልከቻ አስጽፋ ቢሮ ለቢሮ ዞረች። ማመልከቻውን የጻፍኩላት እኔ ነኝ። «ልጄ ሰዓሊ አለመሆኑን ጎረቤት ሁሉ ይመሰክራል» ብዬ፣ በራሴ እጅ፣ በጥሩ ጽሑፍ፣ ብዙ ጊዜ ጽፌያለሁ። አፎቻዋ ውስጥ ያሉ ሴቶች እየሄዱ መሰከሩላት። እውነታቸውን ነው፤ ሲስል ያየው አልነበረም።

እንደዚህ አሥራ ሦስት ዓመት ኖርን። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ አቦከር አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆንኩ። ባል መጣልኝ፤ እናቴን ብቻዋን አልተዋትም ብዬ መለስኩት። ሰዎች ታማኝ ልጅ ይሉኛል።

መንግሥት የወደቀ ጊዜ የታሰረ ዘመድ ያለው ሁሉ እስር ቤት ደጅ ተሰበሰበ። እናቴ አዲሱን ሻሿን አሰረች። ሁለት ቀን ሙሉ ቆምን። የሚወጡትን ፊት ለፊት እያየች፣ «የኔ ልጅ በስህተት የታሰረ ነው፤ ሰዓሊ ነው ብለው» ትላቸዋለች። አንዳቸውም አላወቁትም። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ደጁ ባዶ ሆነ። ክንዷን ይዤ ወደ ጀጎል ስንመለስ፣ «ድሬዳዋ ወስደውት ይሆናል» አለች። «ነገ ድሬዳዋ እንሄዳለን። ስህተቱን እናስረዳቸዋለን።»

ከዚያ በላይ መሸከም አልቻልኩም። መንገድ ላይ ቆምኩና ሁሉንም ነገርኳት። ደብተሩን፣ ሣጥኖቹን፣ ክፍል ውስጥ ያልኩትን፣ አስተማሪው ያሉኝን። ትመታኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትመታኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ክንዷን ከእጄ አወጣች።

«እሱ ነበር ሰዓሊው?» አለች።

«እሱ ነበር።»

«ታዲያ አልተሳሳቱም?»

መንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። በዚያች ቅጽበት ልጇ ሲሞት አየሁ። አሥራ ሦስት ዓመት በእሷ ዘንድ በሕይወት ነበር፤ ስገድለው ሁለተኛ ጊዜዬ ነው። እውነቱን የነገርኳት ለእሷ ብዬ እንዳልነበረ የገባኝም ያኔ ነው። የከበደው እኔን ነበር።

በማግሥቱ ድሬዳዋ እንሂድ አላለችም። አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። ጎረቤቶቿን ጠርታ ለቅሶ ተቀመጠች፤ ቁርኣን አስቀራች። ሴቶቹ ማን ነገረሽ ሲሏት፣ «አወቅሁ» ብቻ ትል ነበር። እኔ ያደረግኩትን ለማንም አላወጣችም። ከለቅሶው በኋላ ለእኔ የምትነግረኝ ስለ ምግብና ስለ ውሃ ብቻ ሆነ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቁርስ እየበላን ሳለ፣ ድንገት ቀና ብላ፣ «ምን ይስል ነበር?» አለችኝ። እንጨት ሻጯን ልጅ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ ሌላ አልጠየቀችም።

ዓመቱ ሳያልቅ ሞተች። ቤቱን አከራይቼ ከግንቡ ውጭ አንድ ክፍል ይዤ እኖራለሁ።