የአባዬ የፈረንጅ መዝሙር

ባለፈው ነሐሴ፣ ሐዋሳ ውስጥ ከሥራ ወደ ቤቴ በምመለስበት ታክሲ፣ ሹፌሩ አንድ የቆየ የካንትሪ ዘፈን ከፈተ፤ ያ እያላዘነ የሚጎተት ጊታር ገና ሲጀምር አፍንጫዬን የቡና ገለፈት ሽታ ሞላው፣ ያ ከመፈልፈያው ጣቢያ ጀርባ ተቆልሎ በዝናብ ሲበሰብስ የሚሸተው ኮምጣጣ ሽታ። ከጎኔ የተቀመጠችው ልጅ ስልኳን ትነካካለች፣ ረዳቱ «ወራጅ አለ?» ይላል፣ እኔ ግን ያደግኩበት ቴፒ ነበርኩ፤ መውረጃዬንም አልፌው ሄድኩ።

አባዬ በቴፒ ቡና እርሻ መፈልፈያ ጣቢያ መካኒክ ነበር። እኔ ከመወለዴ በፊት ማሽን ሊተክል የመጣ አንድ ፈረንጅ አብሮት ሲሠራ ከርሞ፣ ሲሄድ ይህ ዘፈን ያለበትን ካሴት ሰጥቶት ነበር፤ ሁለቱ የሚግባቡት በእጅ ምልክትና በመፍቻ ቁጥር ብቻ ስለነበር፣ አባዬ ዘፋኙ ምን እንደሚል ሳይጠይቀው ተለያዩ። እማዬ ደግሞ የዚያው አገር ተወላጅ፣ የሸኮ ልጅ ናት። እኔ ትንሽ ልጅ ሳለሁ ጌታን ተቀበለችና፣ የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌዎች መጥተው በጸለዩበት ቀን፣ በቤቱ ያለው ዓለማዊ ዘፈን ሁሉ ጓሮ ወጥቶ እንዲቃጠል ተወሰነ። አባዬ ኦርቶዶክስ ቢሆንም ለቤቱ ሰላም ሲል የአማርኛ ካሴቶቹን በገዛ እጁ እያወጣ ሰጠ፤ የፈረንጁ ካሴት ላይ ሲደርስ ግን እጁን ወደ ኋላ ደበቀና «ይቺ እንኳ መዝሙር ናት፤ የፈረንጅ መዝሙር» አለ።

ሽማግሌዎቹ «እስቲ ይከፈት» አሉ፣ ተከፈተ። ዘፈኑ ቀርፋፋ ነው፣ እስክስታ አይወረድበት፣ አይጨፈርበት፣ የሰውየውም ድምፅ ንስሐ እንደሚገባ ሰው ይንቀጠቀጣል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡና «አሜን» አሉ፤ ነገሩ በዚያው አለቀ። አባዬ ግን እሳቱ ዳር ቆሞ ዓይኑን ከእማዬ ሲያሸሽ አይቼዋለሁ፤ ከዚያ በኋላም ቴፑን ሊከፍት ሲል ሁልጊዜ መጀመሪያ በሩን ገርበብ ያደርግ ነበር።

የእኛ አገር ክረምት ቶሎ ጀምሮ ቶሎ አያልቅም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ መነጋገር ስለማይቻል ቤተሰቡ ሁሉ በየጥጉ ኩርምት ይላል፤ አባዬ ያን ጊዜ ከምድጃው አጠገብ ያሞቃቸውን ባትሪ ድንጋዮች ቴፑ ውስጥ ይጨምርና ጆሮውን አስጠግቶ ይቀመጥ ነበር። ባትሪው ሲደክም ዘፋኙም አብሮ ይደክማል፣ ድምፁ ይወፍራል፣ ይጎተታል፣ እንዲያውም ያኔ ይበልጥ ያሳዝን ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ እማዬ ዘንድ ለጸሎት የሚሰበሰቡት ሴቶችም ወደውት ነበር፤ በተለይ ጎረቤታችን እትዬ አስቴር ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እየተወዘወዘች «ቋንቋው አይገባኝም እንጂ መንፈስ አለበት» ትል ነበር። እኔም በማንም ሳልበደል፣ በልቼ ጠግቤ፣ ያ ጊታር ሲጀምር እንባዬ ይመጣል፤ እንባውም ይጣፍጠኝና ወዲያው አፍራለሁ። ቃሉ ስለማይገባን ሁላችንም የየራሳችንን ኀዘን እንጨምርበት ነበር፣ ኀዘን የሌለን ደግሞ እንፈጥርለት ነበር።

አባዬ ግን መፍጠር አያስፈልገውም ነበር። በድርቁ ዘመን ከወሎ ለሰፈራ ከመጡት አንዱ ነው፤ መኪና ላይ ሲሳፈር ገና ጢሙ ያልወጣ ጎረምሳ ነበር። እናቱ ከቀዬዬ አልወጣም ብላ ቀርታ፣ እስከ መንገዱ ዳር ስትሸኘው «ለመስቀል መጥቼ እወስድሻለሁ» ብሏት ነበር። ይህን የነገረችን እማዬ ናት እንጂ እሱ ስለ እናቱ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። መስቀሎቹ አለፉ፤ መጀመሪያ መንግሥት አይለቅም ተባለ፣ ከዚያ መንገዱ አያስተማምንም ተባለ፣ ከዚያ እኔና ወንድሜ ተወለድን። ሰርግ ቤት የወሎ ሰዎች ማሲንቆ ሲያነሱ አባዬ ብድግ ብሎ ይወጣ ነበር። የአገሩን ዘፈን የማይችል ሰው የፈረንጁን ለምን እንደሚችለው ያኔ አልገባኝም፤ ለካ የማያውቀው ቋንቋ ስሙን እየጠራ አይከሰውም ነበር።

ዘጠነኛ ክፍል በገባሁ ዓመት፣ የቡናው ለቀማ ደርሶ እርሻው በሰው ሲጥለቀለቅ፣ እማዬና መዘምራኑ ለምርት ምስጋና ቀን አዲስ መዝሙር ያስፈልገናል ተባባሉና፣ እሷ ዓይኗን እኔ ላይ ጣለች። «አንቺ እንግሊዝኛ ትችይ የለ? የአባትሽን መዝሙር ወደ አማርኛ መልሺልንና እንዘምረው» አለችኝ። አባዬ ጫማውን እየፈታ ነበር፤ አንዱን ፈትቶ ሌላውን ረሳው። «ተይ ብርቄ፣ ልጅቷን ከትምህርቷ…» ብሎ ጀመረና ተወው።

እሑድ ከሰዓት ቴፑን ይዤ ተቀመጥኩ። ሰውየው ቀስ እያለ ነው የሚዘፍነው፣ እያጠነጠንኩ ደጋግሜ ስሰማው ቃላቱ አንድ በአንድ እየተፈለፈሉ ወጡ፤ ጌታ የሚለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ እሱም ለእሮሮ። እማዬ ከፊቴ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች፣ አባዬ በሩ ላይ ቆሟል። ላስተካክለው፣ መዝሙር ላስመስለው አሰብኩ፣ የአባዬም ዓይን ይለምነኝ ነበር፤ ነገር ግን እማዬን ዓይን ዓይኗን እያዩ መዋሸት ለእኔ አልተሰጠኝም።

«አንድ ልጅ ነው» አልኩ። «እናቱን ትቶ በባቡር ሄደ። በቆሎው ሲደርስ እመለሳለሁ አላት። ባዶ እጄን እንዴት ብዬ እያለ ዓመታት አለፉ። እሷ ማታ ማታ መስኮቱ ላይ ፋኖስ ታስቀምጥለታለች። መጨረሻ ላይ ሲመጣ… መስኮቱ ጨለማ ነው።»

አባዬ መጥቶ ቴፑን ዘጋው። እማዬ ስለ ውሸቱ ትነሳበታለች ብዬ ጠበቅኩ፤ እሷ ግን ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና «ያኔ ልሂድ ስትል፣ ልጆቹ ትንሽ ይጠንክሩ ያልኩህ እኔ ነኝ» አለች። «ቤቱ ቆርቆሮ ይልበስ ያልኩህም እኔ ነኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እኔው ነኝ የያዝኩህ።»

«እኔስ መያዝ ፈልጌ ቢሆንስ?» አላት አባዬ። «ምን ብዬ ፊቷ እቆማለሁ እያልኩ፣ አንቺን ሰበብ ሳደርግ ኖርኩ።»

«ሂድ» አለችው። «ለቀማው እንዳለቀ ሂድ።»

ጥር ላይ፣ መንገዱ ደርቆ አቧራው ሲነሳ፣ አባዬ ሄደ። ከጓሯችን የተለቀመ ቡና፣ ከማሻ የመጣ ነጭ ማርና ከሚዛን ገበያ እማዬ ራሷ መርጣ የገዛችውን ጋቢ ይዞ ነበር። እሱ በሌለበት እማዬ በየማታው ስትጸልይ ድምፅዋ ይሰማኛል፤ የማታውቃትን አማቷን በስም እየጠራች በሕይወት እንድትቆይለት ትለምን ነበር።

ሲመለስ ከመናኸሪያ የተቀበልነው እኔና ወንድሜ ነን። ቡናውም ማሩም አልነበረም፣ በኋላ እንደሰማነው ለተዝካሯ ሰጥቶታል፤ ጋቢው ግን እንደታጠፈ በብብቱ ስር ነበር። ቤት ገብቶ ውሃ ጠጥቶ «ከሞተች ሰንብታለች» አለ። ቆይቶ ደግሞ ጎረቤቶቿ የነገሩትን ነገረን። በየመስቀሉ፣ ደመራው ከተቃጠለ በኋላ፣ መኪናዎቹ ሰፋሪዎቹን የጫኑበት መንገድ ዳር ወርዳ እስኪመሽ ትቀመጥ ነበር አሉ። ይህን ብሎ ጫማውን ሳይፈታ አልጋው ላይ ጋደም አለ። አባቴ ድምፅ አውጥቶ ሲያለቅስ የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ ያለ ምንም ጊታር።

ከዚያ በኋላ ካሴቱ ሳጥን ውስጥ ከጋቢው ጋር ገባ። በልጉ አልፎ ክረምቱ ከገባ በኋላ፣ አንድ የዝናብ ከሰዓት፣ አውጥታ የከፈተችው እማዬ ናት። ምንም ሳትለው አጠገቡ ቁጭ አለች። እትዬ አስቴር ዝናቡን ሸሽታ ስትገባ አገኘቻቸውና «ብርቄ፣ ይቺ መዝሙር አልተተረጎመችም እንዴ? ምን ትላለች?» አለች። እማዬ ዓይኗን ከቴፑ ሳታነሳ «ይቅር በለኝ ነው የምትለው» አለቻት። በሕይወቷ ዋሽታ የማታውቅ ሴት ነበረች፤ ያን ቀንም ዋሸች ለማለት አፌ አይደፍርም።

ዛሬ እማዬ የለችም። ወንድሜ ሚዛን ነው፤ አባዬ ቴፒ እዚያው ቤት ውስጥ ብቻውን ይኖራል። በእሱ ዘመን ወሎ የሰማይ ያህል ሩቅ ነበር፤ ስልክ የለ፣ ለእናቱ ደብዳቤ የሚያነብላት የለ፣ ልሂድ ቢልም የሚያግደው ነበር። እኔን የሚያግደኝ የለም፤ ከሐዋሳ ቴፒ የሁለት ቀን መንገድ ነው፣ መንገዱም ምቹ መኪና አለው። እኔ ግን ሥራ በዛብኝ፣ ልጄ ፈተና አላት እያልኩ «ለመስቀል እመጣለሁ» ስለው ዓመታት ሆኑ። እሱም ሁልጊዜ «እሺ ልጄ፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ አትቸኩይ» ይለኛል። ወንድሜ ግን አምና ደውሎ፣ በመስቀል ዕለት አባዬን ፈልጎ ያገኘው መናኸሪያው በር ላይ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ መሆኑን ነግሮኝ ነበር። ሰምቼ ወሬውን ወደ ልጄ ፈተና አዞርኩት።

ያን ዕለት ከታክሲው ወርጄ፣ ያለፍኩትን መንገድ በእግሬ እየተመለስኩ ደወልኩለት። ከኋላው ዝናብ ይሰማል። «ደኅና ነሽ? ምነው በዚህ ሰዓት?» አለኝ። እንደ ልማዴ ለመስቀል እመጣለሁ ልለው አፌን ከፈትኩና አልወጣ አለኝ። «ጫማህ ስንት ቁጥር ነው?» አልኩት። ነገረኝ። ቤት ደርሼ ሻንጣዬን ሳወጣ ልጄ በር ላይ ቆማ፣ ማንም ሳይሞት ወደ ቴፒ የምሄደው ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ።