ግጥም የማይቀበለው ግራማፎን

በጣሊያን ጊዜ ልደታ ማርያም አጠገብ ሱቅ ለከፈተ ጣሊያናዊ ነጋዴ አስተርጓሚ ነበርኩ። አንድ ጠዋት ጎረቤቴ ጋሽ ደምሴ ከኛው የገዙትን ግራማፎን ታቅፈው መጡ።

«ተበላሽቷል፤ መልሳችሁ ውሰዱት» አሉ።

ሸክላ ብናስቀምጥበት ጥርት አድርጎ ዘፈነ።

«ምኑ ነው የተበላሸው ጋሼ?»

«አዝማሪ ያስንቃል ብላችሁ አይደል የሸጣችሁልኝ? አዝማሪ የሰጡትን ግጥም ተቀብሎ ይዘፍናል። ይኼ ግን ትናንት እንግዶቼ ፊት ተቀበል ብለው፣ ተቀበል ብለው፣ የራሱን ብቻ ይለፈልፋል።»

ይህን ስተረጉምለት ነጋዴው የሰጡትን ግጥም ለመስማት ጓጓ። ጋሽ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤

«እንግዳው ገባና ሞላው ሙሉ ቤቱን፣
ምነው በነገረኝ የመውጫ ሰዓቱን።»

በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ግጥም ሰው ያሰቅላል።

«የፍቅር ግጥም ነው» ብዬ ተረጎምኩ።

ነጋዴው አንዴ እኔን፣ አንዴ ጋሽ ደምሴን አየ። ከዚያ ግራማፎኑን አንስቶ መልሶ አስታቀፋቸውና፣ ከኔ በጠራ አማርኛ እንዲህ አላቸው፤

«ይህንንማ ቢቀበልዎ ኖሮ ሁለታችሁም ትታሰሩ ነበር። ሌላ ግጥም ይስጡት።»