ቂጡ የተበሳ ቆርቆሮ

እኛ ስዋት ሸለቆ ውስጥ የዘይት ቆርቆሮ ትልቅ ንብረት ነው። ጎረቤቴ ዛርጉና የጥድ ችግኝ ልታፈላባቸው የቆርቆሮዎቿን ቂጥ በምስማር ስትበሳ፣ አማቷ ባስካና ሊያብዱ ደረሱ።

«አንቺ ሴት፣ ደህናውን ዕቃ ወንፊት አደረግሽው! ግቢዬም ጭቃ ሊሆን ነው!»

«እማማ፣ ውሃው መውጫ ካጣ ሥሩ ይበሰብሳል።»

«ውሃ ጠጥቶ የሞተ ዛፍ የት አየሽ?»

አሮጊቷ የግማሾቹን ቀዳዳ በሬንጅ ደፈኑት። ዛርጉና ሳቀች። «እሺ፣ እነዚህ የእርስዎ ይሁኑ።»

የራሷን በየጠዋቱ ብድግ እያደረገች ትመዝናለች፤ የቀለላትን ታጠጣለች፣ የከበዳትን ትተወዋለች። ክረምቱ ገብቶ ዝናቡ ሲወርድ የእሷ ችግኞች ለመለሙ፤ የባስካና ግን ቢጫ ሆኑ። ዛርጉና አንዱን ነቅላ ሥሩን አማቷ አፍንጫ ሥር አቀረበችው። ጠቁሯል፤ ይገማል።

ባስካና «ምስማሩን አምጪው» አሉ።

ዘንድሮ እኔም ችግኝ ልለምን ቆርቆሮዬን ይዤ ሄድኩ። ባስካና በር ላይ ተቀብለውኝ፣ ቆርቆሮውን ገልብጠው አዩና አፈጠጡብኝ።

«ቂጡ ያልተበሳ ይዘሽ ትመጫለሽ? ለመሆኑ አንቺን ማን ነው ያሳደገሽ?»